30 ሊኑክስ ኮምፒውተር በአንዴ ክሎን ማድረግ፦ መገልበጡ ትንሹ ሥራ ነው

የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ ይሄ ነው። "30 ኮምፒውተሮች አሉኝ፣ ሁሉም ላይ ያለው ኡቡንቱ ሰርቨር 22.04 ነው። ግማሾቹ ቆየት ያሉ ናቸው፣ ግማሾቹ አዲስ። እስካሁን ፍላሽ ይዤ እየዞርኩ አንድ በአንድ በክሎንዚላ (ሙሉ ዲስክ በሚገለብጠው ፕሮግራም) ነው የምገለብጠው። ይህን በኔትወርክ፣ እኔ ሳልነካው በራሱ እንዲሠራ ማድረግ ይቻላል ወይ? ደግሞ ከገለበጥኳቸው ውስጥ አንዳንዶቹ አንድ ዓይነት አይፒ ይዘው ይነሳሉ። ኬብል ቀየርኩ፣ ስዊች ቀየርኩ፣ ያው ነው። ምን ላድርግ?"

ይቻላል። ከባድም አይደለም። ግን ከኋለኛው ጥያቄህ ልጀምር። እሱ ሳይፈታ መገልበጡን አውቶማቲክ ብታደርገው፣ አሁን ቀስ እያለ የሚበዛውን ችግር በአንድ ከሰዓት 30 ማሽን ላይ ትዘራዋለህ።

ኬብሉም ስዊቹም ምንም አላጠፉም፣ ተዋቸው። ሲስተምዲ (ሊኑክስን አስነስቶ ሰርቪሶቹን የሚመራው ፕሮግራም) ያለው ማንኛውም ሊኑክስ ኢቲሲ ፎልደር ውስጥ ማሽን-አይዲ የሚባል ትንሽ ፋይል አለው። ውስጡ 32 ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት አንድ መስመር ብቻ ነው። ሲስተሙ መጀመሪያ ሲጫን በዘፈቀደ ይፈጠራል፣ ከዚያ በኋላ አይቀየርም። ዲስኩን ስትገለብጥ እሱም አብሮ ይገለበጣል። ኡቡንቱ ሰርቨር ላይ አይፒ የሚጠይቀው ሲስተምዲ-ኔትወርክዲ ደግሞ ለዲኤችሲፒ ሰርቨሩ (አይፒ ለሚያድለው) "እኔ እገሌ ነኝ" ሲል የሚሰጠው መለያ ከማክ አድራሻው (ከኔትወርክ ካርዱ መለያ ቁጥር) የተወሰደ አይደለም፤ ከዚሁ ማሽን-አይዲ የተቀመረ ነው። ዲኤችሲፒ ሰርቨሩ እንግዲህ ምን ያድርግ? ሁለት ሰው አንድ መታወቂያ ይዞ መጣበት፣ ለሁለቱም ያንኑ አድራሻ ሰጠ። ሥራውን በትክክል ነው የሠራው።

ለዛሬ ብቻ የሚያስታግስ ነገር ከፈለግክ ኔትፕላን ፋይልህ (የኡቡንቱ የኔትወርክ ማዋቀሪያ) ውስጥ ዲኤችሲፒ-አይደንቲፋየር የሚለውን "ማክ" ብለህ ሙላው፣ አይፒዎቹ ይለያያሉ። ግን እዚያ ላይ አታቁም። ማሽን-አይዲውን የሚጠቀመው ኔትወርኩ ብቻ አይደለም፤ ሲስተሙ ሎጎቹን የሚያስቀምጠው በዚህ መለያ በተሰየመ ፎልደር ነው፣ አንዳንድ የክትትል ሶፍትዌሮችም ማሽኖችን የሚለዩት በእሱ ነው። ሎግ በአንድ ቦታ መሰብሰብ የጀመርክ ቀን 30ው ማሽን አንድ ማሽን መስሎ ይታይሃል።

አሁን ተገልብጠው ሥራ ላይ ያሉትን እንደገና መገልበጥ አያስፈልግህም። ፋይሉን ባዶ አድርገው፣ ሲስተምዲ-ማሽን-አይዲ-ሴታፕ የሚለውን ኮማንድ አስኪድ፣ ሪስታርት አድርግ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር እይ። ቫር ውስጥ፣ ሊብ ውስጥ፣ ዲባስ ፎልደር ውስጥ ሌላ ማሽን-አይዲ አለ። ኡቡንቱ ላይ ይህኛው ብዙውን ጊዜ ወደ ዋናው ፋይል የሚጠቁም ሊንክ ነው። ሊንክ ሳይሆን ራሱን የቻለ ፋይል ሆኖ ካገኘኸው ግን ኮማንዱ አዲስ መለያ ከመፍጠር ይልቅ አሮጌውን ከዚያ አንስቶ ይመልስልሃል። ብዙ ሰው "ቀየርኩት፣ ተመልሶ መጣ" እያለ ግራ የሚጋባው እዚህች ጋ ነው።

ይሄን ካለፍን ወደ ዋናው ጉዳይ። ስለ ክሎን ሲወራ ሁሉም ሰው "የቱ ፕሮግራም ይሻላል" ብሎ ነው የሚጀምረው። እኔ ግን መገልበጡን የሚሠራልህን መሣሪያ መምረጥ የሥራው ትንሹ ክፍል ነው ባይ ነኝ። ዲስክን ዲስክ ላይ መገልበጥ ከተፈታ ዘመን አልፎታል። የሚያስቸግረው ተገልብጦ የተነሳው ማሽን ራሱን የቻለ ማሽን እንዲሆን ማድረጉ ነው። ስለዚህ ድካምህን ማስተር ማሽኑ (ሌሎቹ ሁሉ ከእሱ የሚገለበጡበት ናሙና) ላይ እና ከመጀመሪያው መነሳት በኋላ በሚሆነው ላይ አውለው።

ማስተሩን በተቻለህ መጠን ባዶ አድርገው። ሲስተሙ፣ ኤስኤስኤች (ከሩቅ መግቢያው)፣ ፓይተን፣ አፕዴቶች፣ አለቀ። ሌላውን ሶፍትዌር ሁሉ በኋላ በአንሲብል (ብዙ ማሽን ከአንድ ቦታ በሚያዋቅረው መሣሪያ) ታስገባዋለህ። ኢሜጁ (ከማስተሩ ዲስክ የሚወሰደው ቅጂ) ውስጥ ያስገባኸው ነገር ሁሉ በሦስተኛው ወር ያረጃል፣ ያን ጊዜ አዲስ ኢሜጅ ማዘጋጀት፣ መሞከር፣ እንደገና 30 ቦታ መርጨት ሊኖርብህ ነው። አንሲብል ላይ ያለ ነገር ግን አንድ መስመር ቀይረህ ሁሉም ጋ ትልከዋለህ። ትልቅ ኢሜጅ የሚሠሩ ሰዎች ሳያስቡት የኢሜጅ ባሪያ ይሆናሉ።

ከመገልበጥህ በፊት ማስተሩን ማጽዳት አለብህ። ማሽን-አይዲውን ባዶ አድርግ፤ አጥፋው አላልኩም፣ ባዶ። ባዶ ፋይል ካለ ሲስተምዲ ገና ሲነሳ፣ ዋናው ዲስክ መጻፍ በማይቻልበት ሰዓት እንኳን፣ አዲስ መለያ ፈጥሮ እላዩ ላይ ያስቀምጥና ዲስኩ ሲከፈት ይጽፈዋል። አንድ የሚያሳስት ነገር ግን አለ፦ ፋይሉ ባዶ ሲሆን ሲስተምዲ ያን መነሳት "የመጀመሪያ መነሳት" ብሎ አይቆጥረውም። ስለዚህ በመጀመሪያ መነሳት ብቻ እንዲሠራ የምትፈልገው ስክሪፕት ካለህ ሲስተምዲ የመጀመሪያ መነሳትን በሚለይበት መንገድ ላይ አትተማመን፣ የራስህን ምልክት ፋይል አስቀምጥ። ስክሪፕቱ ፋይሉን ካጣ ይሠራል፣ ሲጨርስ ይፈጥረዋል። ቀላል ነው፣ የትም ይሠራል።

ቀጥሎ የኤስኤስኤች የሆስት ቁልፎች። እነዚህ ተገልብጠው ከቀሩ 30ው ማሽን ተመሳሳይ ሚስጥራዊ ቁልፍ አለው ማለት ነው፣ አንዱን የያዘ ሰው ሌላውን መስሎ መቅረብ ይችላል። አጥፋቸው። ነገር ግን ኡቡንቱና ዴቢያን ላይ ቁልፎቹ የሚፈጠሩት ፓኬጁ ሲጫን ነው እንጂ ማሽኑ ሲነሳ አይደለም። ፌዶራና ሬድ ሃት ላይ ሲነሳ ከሌሉ ይፈጠራሉ። አንተ ኡቡንቱ ላይ ስለሆንክ ቁልፎቹን አጥፍተህ ዝም ካልክ የኤስኤስኤች ሰርቪሱ አልነሳም ይላል፣ አንተም ሞኒተር ተሸክመህ ወደየማሽኑ ትሄዳለህ። ክላውድ-ኢኒት (ማሽኑ መጀመሪያ ሲነሳ የሚያዋቅረው ፕሮግራም) ካለህና በትክክል ካጸዳኸው እሱ ሊፈጥርልህ ይችላል፤ እኔ ግን ለእሱ ከመተው ይልቅ ያው የመጀመሪያ መነሳት ስክሪፕት ውስጥ፣ ኤስኤስኤች ከመነሳቱ በፊት፣ ኤስኤስኤች-ኪጄን ጎደሎ ቁልፎችን ሁሉ እንዲፈጥር ማዘዝ ይሻለኛል።

የቀሩትን በፍጥነት ልለፋቸው። የድሮ የዲኤችሲፒ ሊዝ ፋይሎች፣ የሲስተምዲ የዘፈቀደ ዘር ፋይል፣ ሎጎች፣ የኮማንድ ታሪክ፣ የፓኬጅ ካሽ፣ ክላውድ-ኢኒት ያስቀመጠው መረጃ፤ ሁሉንም ጥረግ። ማስተርህ ቨርቹዋል ማሽን ከሆነ ቨርት-ሲስፕሬፕ የሚባል መሣሪያ አብዛኛውን ይሄን ማሽኑ ጠፍቶ እያለ ዲስኩ ላይ ይሠራልሃል። እኔ ማስተሩ ሁሌም ቨርቹዋል ማሽን ቢሆን ነው የምመክረው፤ ከመጥረግህ በፊት ስናፕሾት ትይዛለህ፣ ሲያስፈልግህ ተመልሰህ ታሻሽለዋለህ።

በየማሽኑ ራሳቸውን የሚያስመዘግቡ ነገሮችን ደግሞ ጨርሶ ኢሜጁ ውስጥ አታስገባ። የክትትል ኤጀንት፣ ቪፒኤን፣ የሶልት ሚኒየን መለያ፣ የፐፔት ሰርተፍኬት፣ የከርቤሮስ ኪታብ፤ እነዚህ ሁሉ ከተገለበጡ በኋላ እርስ በርስ ይጋጫሉ። ከክሎኑ በኋላ ነው የሚገቡት። ዲስኩ በሉክስ (በሊኑክስ የዲስክ ምስጠራ) የተመሰጠረ ከሆነ ደግሞ ሁለት ጉዳት አለው። አንደኛ፣ መገልበጫው ዲስኩ ተከፍቶ ካልተሰጠው ውስጡን ማየት ስለማይችል ባዶውንም ቦታ ጨምሮ ሁሉንም ይገለብጣል። ሁለተኛ፣ የይለፍ ሐረጉን ብትቀይረውም ከስሩ ያለው ዋናው ቁልፍ በሁሉም ማሽን ላይ አንድ ነው፣ እሱን ለመቀየር ዲስኩን እንደ አዲስ ማመስጠር ግድ ነው። ምስጠራ ከፈለግክ ክሎን አታድርግ፣ ከታች የማወራውን መንገድ ያዝ።

ካጸዳህ በኋላ ማሽኑን አጥፋው። መልሰህ አታስነሳው። አንዴ ከተነሳ አዲስ መለያ፣ አዲስ ቁልፍ ፈጥሮ ቁጭ ይላል፣ የጠረግከው ሁሉ ከንቱ ሆነ ማለት ነው። በቀጥታ ከጠፋበት ወደ ኢሜጅ።

አሁን ፍላሹን እንገላገል። ኮምፒውተር ከኔትወርክ ቡት የሚያደርግበት መንገድ ፒኤክስኢ ይባላል፣ ኢንቴል ያወጣው ነው፤ ዛሬም ሁሉም የሚከተለው 2.1 እትም በ1999 የወጣ ነው። አካሄዱ እንዲህ ነው። ማሽኑ ሲነሳ ኔትወርክ ካርዱ "አይፒ ስጡኝ፣ የምነሳበትንም ፋይል ንገሩኝ" ብሎ ይጮኻል። ዲኤችሲፒው አይፒ ይሰጠዋል፣ ሰርቨሩንና የፋይሉን ስም ይነግረዋል። ማሽኑ በቲኤፍቲፒ (በቀላል የፋይል ማውረጃ ዘዴ) ትንሿን ማስነሻ ያወርዳል፣ እሷ ደግሞ ከርነሉን ታመጣለች፣ ከዚያ መገልበጫው በሜሞሪ ላይ ይነሳል። ቲኤፍቲፒ እያንዳንዷን ቁራጭ "ደረሰኝ" እየተባባለ የሚልክ ስለሆነ ቀርፋፋ ነው። ስለዚህ በእሱ አይፒኤክስኢን (የተሻሻለውን የኔትወርክ ማስነሻ) ብቻ አውርድ፣ የቀረውን አይፒኤክስኢ ራሱ በኤችቲቲፒ ያምጣው።

"ዲኤችሲፒው የእኔ አይደለም፣ ራውተሩ ነው የሚሰጠው" የምትል ከሆነ ሁለተኛ ዲኤችሲፒ አትትከል፣ ኔትወርኩን ታምሰዋለህ። ዲኤንኤስማስክን (ትንሽ የዲኤችሲፒ ፕሮግራም ነው) በፕሮክሲ ሞድ አስነሳው። አይፒውን ያው ራውተሩ ይሰጣል፣ ዲኤንኤስማስክ ከጎን ሆኖ የማስነሻውን ፋይል ስም ብቻ ይናገራል። ነባሩን ነገር ምንም አትነካም።

ግማሾቹ ቆየት ያሉ ናቸው ብለሃል። በባዮስ (በድሮው የማስነሻ ዘዴ) የሚነሳና በዩኢኤፍአይ (በአዲሱ) የሚነሳ ማሽን የሚፈልጉት ማስነሻ ፋይል የተለያየ ነው። ማሽኑ ሲጠይቅ የዲኤችሲፒ አማራጭ ቁጥር 93 ላይ ዓይነቱን ይናገራል፤ 0 ካለ ባዮስ ነው፣ 7 ካለ ባለ 64 ቢት ዩኢኤፍአይ። ሰርቨርህ ይህን አይቶ ተገቢውን ፋይል እንዲሰጥ ታደርገዋለህ። ግን ይሄን ሁሉ ከመልፋትህ በፊት አሮጌዎቹን ገብተህ እያቸው። ብዙ ጊዜ "ባዮስ ብቻ ነው" የተባለ ማሽን ዩኢኤፍአይ እያለው አንድ ሰው ድሮ ሌጋሲ ላይ ትቶት የሄደ ነው። ሁሉንም ወደ ዩኢኤፍአይ ማምጣት ከቻልክ አምጣቸው፣ አንድ ኢሜጅ ይበቃሃል። እውነት ባዮስ ብቻ የሆኑ ካሉ ዲስኩን በጂፒቲ ከፋፍለህ የባዮስ ቡት ፓርቲሽንም የኢኤፍአይ ፓርቲሽንም አስገባና ግረብን (ሊኑክስን ከዲስክ የሚያስነሳውን ፕሮግራም) በሁለቱም መንገድ ጫነው፣ ያው አንድ ኢሜጅ ሁለቱም ላይ ይነሳል።

ዩኢኤፍአይ ሌላም ጣጣ አለው። "ከዚህ ዲስክ፣ ከዚህ ፋይል ተነሳ" የሚለው መረጃ የተቀመጠው ማዘርቦርዱ ላይ ነው እንጂ ዲስኩ ላይ አይደለም፣ ስለዚህ አይገለበጥም። ክሎንዚላ ራሱ ሊጽፈው ይሞክራል። ቢሆንም ማስተሩ ላይ ኢኤፍአይ ፓርቲሽን ውስጥ ቡት የሚባለው ፎልደር ስር መጠባበቂያው ማስነሻ መኖሩን አረጋግጥ፣ ምንም ያልተመዘገበለት ማሽን የሚፈልገው እሱን ነው። ሴኪውር ቡት (የተፈረመ ማስነሻ ብቻ የሚቀበለው ጥበቃ) ክፍት ከሆነ ደግሞ ያልተፈረመ አይፒኤክስኢ አይነሳም። ወይ በክሎኑ ሰዓት ትዘጋዋለህ፣ ወይ የተፈረመውን ሺምና ግረብ ትጠቀማለህ።

አንዱ ማሽን "ዲኤችሲፒ አላገኘሁም" ብሎ ተስፋ ከቆረጠ፣ ፍላሽ ይዘህ ስትነሳ ግን ኔትወርኩ ደህና ከሆነ፣ ስዊቹን እይ። ስፓኒንግ ትሪ የሚባለው ነገር ፖርቱ ከተነሳ በኋላ 15 ሰከንድ ሲያዳምጥ 15 ሰከንድ ሲማር ይቆያል፣ በዚህ መሃል ምንም አያሳልፍም። ፒኤክስኢ ያን ያህል ትዕግሥት የለውም። ኮምፒውተር የተሰካባቸውን ፖርቶች ኤጅ ወይም ፖርትፋስት አድርጋቸው። ብዙ ሰው ኔትወርክ ካርድ የሚቀይረው ለዚህች ነገር ነው።

መሣሪያውን በተመለከተ፣ አንተ ክሎንዚላን ስለለመድከው አትራቅ። በታይዋኑ ብሔራዊ የከፍተኛ አፈጻጸም ኮምፒውቲንግ ማዕከል የተሠራ ነው። አንተ የምታውቀው ለአንድ ማሽን የሆነውን ነው፤ ለብዙ ማሽን የተሠራ የሰርቨር እትም አለው፣ ከ40 በላይ ኮምፒውተር በአንዴ ይገለብጣል። ላይት ሰርቨር የሚባለውን ደግሞ ከዚያው ከለመድከው ላይቭ ፍላሽ ላይ ታስነሳዋለህ፣ ምንም መጫን የለም። አንዴ በአመት ለሚገለብጥ ሰው ይሄ በቂ ነው። ቋሚ ሥራህ ከሆነ ግን ፎግ ይሻላል። በብራውዘር የምታዘው ነው፣ እያንዳንዱን ማሽን በማክ አድራሻው ይመዘግባል፣ ስም ትሰጠዋለህ፣ በቡድን ትከፍላቸዋለህ፣ "እነዚህን 15 አሁን ገልብጥ" ትላለህ፣ ተኝተው ከሆነ ይቀሰቅሳቸዋል። ከስር ሁለቱም የሚጠቀሙት ፓርትክሎንን ነው፣ እሱ ደግሞ ሥራ ላይ የዋለውን የዲስክ ቦታ ብቻ ነው የሚያነሳው። በዲዲ አትገልብጥ፤ 500 ጊጋባይት ዲስክ ላይ 8 ጊጋባይት ብቻ ብትጠቀም እንኳን ዲዲ 500ውን ሁሉ ይጎትታል።

አሁን ሒሳቧን እናስላ፣ ምክንያቱም እዚህ ላይ ነው በኔትወርክ መገልበጥ የሚያዋጣው ወይም የሚያናድደው። አንድ ጊጋቢት ኔትወርክ በተግባር በሰከንድ 110 ሜጋባይት ያህል ያሳልፋል። ኢሜጅህ 20 ጊጋባይት ነው እንበል። ለአንድ ማሽን 3 ደቂቃ ያህል። ለ30ው ለየብቻ ከላክኸው ግን 600 ጊጋባይት ነው፣ ሁሉም በዚያችው በሰርቨሩ አንድ ኬብል ነው የሚወጣው፣ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ። መልቲካስት ብታደርገው ሰርቨሩ አንዴ ይልካል፣ ስዊቹ ለሁሉም ያባዛዋል። ኔትወርኩ ላይ የሚፈጀው ጊዜ ለ1ም ለ30ም ያው 3 ደቂቃ ነው፣ ሌላው ዲስኮቹ በሚጽፉበት ፍጥነት ይወሰናል።

ይሄ ወረቀት ላይ ነው። መልቲካስት ከሁሉም ጋር ተስማምቶ ስለሚሄድ ፍጥነቱ የዝግተኛው ማሽን ፍጥነት ነው። አንድ ኬብሉ የተጎዳ ማሽን ወርዶ በ100 ሜጋቢት ቢገናኝ 29ኙ ሁሉ እሱን ይጠብቃሉ፣ ያች 3 ደቂቃ 30 ደቂቃ ትሆናለች። ከመጀመርህ በፊት የሁሉንም የሊንክ ፍጥነት ስዊቹ ላይ እይ፣ የሚያዘግመውን አውጣና በኋላ ለብቻው ገልብጠው። ዲስኩ ሊሞት የደረሰ ማሽንም እንደዚሁ ነው።

ስዊቹም የራሱ ጠባይ አለው። አይጂኤምፒ ስኑፒንግ (መልቲካስቱን ለሚፈልጉት ፖርቶች ብቻ የሚልክበት ችሎታ) ከሌለው መልቲካስቱን በሁሉም ፖርት ይረጨዋል፣ እዚያው ኔትወርክ ላይ ያለ ዋይፋይ ካለ ይሞታል። ስኑፒንግ ኖሮት ማንም "ማን እየሰማ ነው?" ብሎ የሚጠይቅ ኩዌሪየር ከሌለ ደግሞ ጥሩ ጀምሮ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሁሉም ላይ እኩል ይቆማል። ምልክቱ ይሄ ነው፤ እኩል ከቆሙ ኩዌሪየሩን ፈልግ። ጀምሮ እየተንቀራፈፈ ከሄደ ደግሞ ስቶርም ኮንትሮል (የስዊቹ የትራፊክ ገደብ) ገድቦት ሊሆን ይችላል። ስዊቹ ላይ ሥልጣን ከሌለህና መልቲካስቱ አልሆን ካለህ አትታገለው፣ ክሎንዚላ በቢትቶረንት መገልበጥም ይችላል፣ ማሽኖቹ እርስ በርስ ይቀባበላሉ። በዋይፋይ ለመገልበጥ ግን አታስብ።

መልቲካስት ስታዘጋጅ "ስንት ማሽን ሲደርስ ልጀምር" እና "ቢበዛ ስንት ደቂቃ ልጠብቅ" የሚሉትን ሁለቱንም ሙላ። ብዛቱን ብቻ ከሞላህ አንዱ ማሽን አልነሳም ካለ ሌሎቹ እሱን ሲጠብቁ ያድራሉ።

አንተ ሳትነካው እንዲሆን ፈልገሃል። ማሽኖቹን ለማንቃት ዌክ-ኦን-ላን አለ፤ የማሽኑን ማክ አድራሻ 16 ጊዜ የደጋገመች ትንሽ መልእክት ትልካለህ፣ ኔትወርክ ካርዱ ሲያያት ማሽኑን ያበራዋል። ባዮሱ ውስጥም ሊኑክሱ ውስጥም መፈቀድ አለበት። አሁን በርተው ሊኑክስ ላይ ላሉት ደግሞ የምወዳት ዘዴ አለች። ዩኢኤፍአይ ከሆኑ በኤስኤስኤች ገብተህ በኢኤፍአይቡትኤምጂአር "የሚቀጥለውን አንዴ ብቻ ከኔትወርክ ተነሳ" ትለዋለህና ሪስታርት ታደርገዋለህ። የቡት ቅደም ተከተሉን ሳትነካ አንዴ ብቻ ከኔትወርክ ይነሳል፣ በሚቀጥለው በራሱ ወደ ዲስኩ ይመለሳል። 15 ማሽን በአንድ የአንሲብል ትእዛዝ እንደዚህ ይሰለፋል።

አጥብቄ የምነግርህ ነገር፦ የፒኤክስኢ ሜኑህ ነባሪ ምርጫ ሁሌም "ከራስህ ዲስክ ተነሳ" ይሁን። "ገልብጥ" የሚለው በፍጹም ነባሪ አይሁን። ካልሆነ ማሽኑ ተገልብጦ ይጨርሳል፣ ሪስታርት ያደርጋል፣ ከኔትወርክ ይነሳል፣ ራሱን እንደገና ይገለብጣል፣ እንዲህ እያለ ያድራል። ይሄ እንኳን ያስቃል። የማያስቀው አንድ ሰው ላፕቶፑን እዚያ ኔትወርክ ላይ ሰክቶ ሲያስነሳው ዲስኩ ተጠርጎ ያገኘው እለት ነው። ገልብጥ የሚለው የተመዘገበ ማክ አድራሻ ላላቸው ብቻ፣ አንተ ባዘዝክበት ጊዜ ብቻ ይምጣ፤ ሲጨርስም ሪስታርት ሳይሆን እንዲጠፋ አድርገው። ከተቻለ ደግሞ ይሄን ሁሉ በተለየ ቪላን (በተነጠለ የኔትወርክ ክፍል) ላይ አድርገው፣ ፒኤክስኢ ማንነት አይጠይቅም፣ ገመድ የሰካ ሁሉ ኢሜጅህን ማውረድ ይችላል። ኢሜጁ ውስጥ ፓስወርድ አታስቀምጥ የምልህም ለዚህ ነው።

ማሽኑ ተገልብጦ ሲነሳ የመጀመሪያው ስክሪፕት የሚሠራው ጥቂት ነገር ነው። የኤስኤስኤች ቁልፎችን ይፈጥራል። የዲስኩን መጨረሻ ፓርቲሽን ይለጥጣል፤ ስለዚህ ማስተሩን በትንሽ ዲስክ ላይ ሥራው፣ መለጠጥ ቀላል ነው፣ ማጥበብ ግን አስቸጋሪ ነው፣ ኤክስኤፍኤስ ከሆነ ደግሞ እርሳው። ከዚያ ስሙን ያወጣል። ስሙን ከማክ አድራሻው ወይም ከሲሪያል ቁጥሩ ጋር ካያያዝከው ዝርዝር ያንሳ፣ ዝርዝሩ ሰርቨሩ ላይ ይቀመጥ። ፎግ ከያዝክ ከገለበጠ በኋላ፣ ማሽኑ ገና ሳይነሳ፣ ዲስኩን ከፍቶ ስሙን የሚጽፍ ስክሪፕት ማስገባት ትችላለህ፣ ይሄኛው ይበልጥ ንጹህ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን አንሲብል ይረከብ። ማሽኖቹ አንዳንዴ የሚጠፉ ከሆኑ አንሲብል-ፑልን በየማሽኑ አድርገው፣ ሲነሱ ራሳቸው መጥተው የጎደላቸውን ይወስዳሉ።

የማስተሩ ሃርድዌር ከሌሎቹ ከተለየ ኢኒትራምኤፍኤሱ (ሲስተሙ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጫነው ትንሽ ፋይል) ሁሉንም ድራይቨር የያዘ መሆኑን አረጋግጥ፣ ፋይል ሲስተሞቹም በዩዩአይዲ (በራሳቸው ቋሚ መለያ) እንጂ በዲስክ ስም አይጠሩ። አንዱ ማሽን ላይ ዲስኩ ኤስዲኤ ነው፣ ሌላው ላይ ኤንቪኤምኢ ነው።

ክሎን ጨርሶ ያስፈልግሃል ወይ? ማሽኖቹ ሃርድዌራቸው የተለያየ፣ ሶፍትዌራቸው ደግሞ ቀላል ከሆነ፣ እውነቱን ለመናገር አያስፈልግህም። ኡቡንቱ ከ20.04 ጀምሮ አውቶኢንስቶል አለው፤ አንድ ፋይል ትጽፋለህ፣ ያው ፒኤክስኢ ኢንስቶለሩን ያስነሳል፣ ሲስተሙ ከዜሮ በራሱ ይጫናል። ዴቢያን ፕሪሲድ አለው፣ ሬድ ሃት ኪክስታርት፣ ፋይ የሚባለው ደግሞ ከ1999 ጀምሮ ያለ ነው። በዚህ መንገድ ማሽን-አይዲ፣ ቁልፍ፣ ምስጠራ፣ የቡት ምዝገባ ያልኩህ ራስ ምታት ሁሉ የለም፤ እያንዳንዱ ማሽን ከመጀመሪያው የራሱ ነው። ዋጋው ጊዜ ነው፣ ፓኬጆቹን እያንዳንዱ ማሽን ስለሚጭን። አጠገብህ የፓኬጅ ካሽ ብታቆም እሱም ይቀንሳል። ክሎን የሚያሸንፈው ማሽኖቹ አንድ ዓይነት ሲሆኑ፣ ለመጫን የሚያሰለች ከባድ ሶፍትዌር ሲኖርና ቶሎ ቶሎ ወደነበሩበት መመለስ ሲኖርብህ ነው፣ ለምሳሌ የሥልጠና ክፍል። አንተ የጻፍከውን ሳየው በሁለቱ መሃል ነህ። እኔ ብሆን አሮጌዎቹንና አዲሶቹን በአንድ አውቶኢንስቶል እጭን ነበር፣ ክሎኑን ደግሞ ለሥልጠና ክፍሉ ብቻ አስቀር ነበር፣ ካለህ ማለቴ ነው።

የትኛውንም ብትመርጥ መጀመሪያ በሁለት ማሽን ሞክረው፣ አንዱን ከአሮጌዎቹ አንዱን ከአዲሶቹ። ሁለቱም ከተነሱ በኋላ ማሽን-አይዲያቸውን፣ የኤስኤስኤች ቁልፍ አሻራቸውን፣ ስማቸውንና አይፒያቸውን ጎን ለጎን አስቀምጥ። አንዱ እንኳን ከተመሳሰለ ወደ ማስተሩ ተመለስ፣ 28ቱን አትንካ።